የጥንዚዛው ሆድ ወዛደሮች

በ1972 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ለአብዮት በዓል መድረክ የታዘዘው ግንድ ከነቅርፊቱ አሰብ ወደብ ደረሰ። የዕፅዋት ምርመራ ባለሙያው ሣህሉ ቅርፊቱን ላጥ ቢያደርገው ጥንዚዛ ይርመሰመሳል፤ የአንዱን ሆድ ከፍቶ በማይክሮስኮፕ ቢያይ ደግሞ ባክቴሪያው የገበያ ቀን ያስንቃል። ግንዱ በፀረ-ተባይ ካልታጠነ ለበዓሉ ዱቄት እንደሚሆን ገባው። በዚያ መድረክ ላይ ከሚዘምሩት ተማሪዎች አንዷ የሰባት ዓመት ልጁ ብርቅዬ ነበረች። ሪፖርቱን ጽፎ ወደ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴው ሮጠ።

ሰብሳቢው ጓድ ተክለጻድቅ የስድስት ወር የፖለቲካ ትምህርት ወስደው የተመለሱ፣ ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ነገር የጠፋ ሰው ናቸው።

“ጓድ ሣህሉ፣ ይኸ ባክቴሪያ የምትለው ጥንዚዛው ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?”

“እንጨቱን ይፈጭለታል፣ ጓድ ሰብሳቢ። ያለ እሱ ጥንዚዛው እንጨት በልቶ መኖር አይሆንለትም።”

“ደመወዝ አለው?”

“ኧረ የለውም…”

“እንግዲያው ወዛደር ነዋ!” ጠረጴዛውን ደበደቡት። “ጥንዚዛው በዝባዥ፣ ባክቴሪያው ተበዝባዥ! አንተ ደግሞ ሁለቱንም ባንድ ጭስ ልትፈጅ!”

ጉዳዩ ለውይይት ክበብ ተመራ። ሦስት ሳምንት ተመከረበት። የሴቶች ተወካይዋ ጓድ አሰጋሽ ከባክቴሪያዎቹ ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ጠይቀው፣ እንዲጣራ ተወሰነ። በመጨረሻም “ጭቁን ባክቴሪያዎች ነቅተውና ተደራጅተው ጥንዚዛውን ከውስጥ እስኪገረስሱ ድረስ ማጠን ተከልክሏል” የሚል የአቋም መግለጫ ወጣ። አናጢዎቹ በዚህ መሃል መድረኩን ሠርተው ጨረሱ። የጽዳት ሠራተኛዋም ከመድረኩ እግር ሥር በየጠዋቱ አንድ አንድ አካፋ ዱቄት ትጠርግ ጀመር።

በበዓሉ ዋዜማ ሣህሉ ጭንቅ ያዘው። እንደ ባለሙያ ተናግሮ የሚሰማው ስላጣ፣ እንደነሱ ሊናገር ቆረጠ።

“ጓድ ሰብሳቢ፣ ሕፃናቱ የሰፊው ሕዝብ ልጆች ናቸው። ከሕዝቡ ተለይተው ከፍታ ላይ ሲቆሙ የመደብ ጥያቄ አያስነሳም?”

ጓድ ተክለጻድቅ ደነገጡ። “ያስነሳል እንጂ! ይውረዱ። መድረኩ ለአመራሩ ብቻ!”

በማግስቱ ብርቅዬ አሸዋው ላይ ቆማ ዘመረች። ኮሚቴው በሙሉ መድረኩ ላይ ወጥቶ ግራ እጁን አነሳ። ጓድ ተክለጻድቅ “ወደፊት!” ብለው ሲጮኹ መድረኩ ወደታች ሄደ። ሣህሉ ልጁን ብድግ አድርጎ አቀፋት። ደስ አለው፤ ምን ይደረግ፣ በጣም ደስ አለው።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጥፋተኛው፣ እንደ ደንቡ፣ አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ሰው ሆነ።

“ጓዶች፣” አለ ሣህሉ ተነስቶ፣ “ጥፋቴን አምናለሁ። ባክቴሪያው ጥንዚዛው ላይ እንደማይነሳ ሪፖርቴ ላይ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ሆድ ውስጥ የተመቸው በባለሆዱ ላይ አያምፅም። ሁለቱ አብረው ነው የሚበሉት። የሚፈርሰው ቤቱ ነው።”

ከአዳራሹ ኋላ አንድ የወደብ ተሸካሚ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ቃለ ጉባኤው “ግለ ሂሱ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል” ይላል። ያላጨበጨቡት ጓድ ተክለጻድቅ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እጃቸው በጄሶ ታስሮ ነበር።