በሽታ የለም፣ ከውጭ ሞክሩ

አቶ ጌጤነህ ሕልሙን ያዩት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊቱንማ እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም። የባለቤታቸው የወይዘሮ የሺመቤት የደም ግፊት ኪኒን ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጤና ጣቢያው "የለም" ይላል፣ የግል መድኃኒት ቤቱ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። እና ቀን ላይ እንቅልፍ ጣላቸው።

በሕልማቸው ከትንሿ ሱቃቸው መስኮት ኋላ ተቀምጠዋል። ከደጃቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ነጭ ጋዋን የለበሱ ፋርማሲስቶች መድኃኒት በትሪ ተሸክመው ተሰልፈዋል። በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ቁርስ ሊበሉ የሄዱም አሉ።

የመጀመሪያው አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

"አባባ፣ የታመመ ሰው ይኖርዎታል?"

"የለም፤ ጨርሰናል" አሉ አቶ ጌጤነህ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት። "ከውጭ ሞክር።"

"ትንሽ ሳል እንኳ? ለሦስት ቀን የምትሆን?"

"ሐሙስ ይገባል ተብሏል።"

እንዲህ ማለት ደስ ይላል ለካ! አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

አንድ ባለከረባት ብር የታጨቀ ቦርሳ ይዞ፣ ቀድሞ መድኃኒት ሊወስድ በሰልፉ ጎን ሾልኮ መጣ። በር ላይ ዘብ የቆመ አንድ ሙክት በቀንዱ መለሰው።

"ገንዘብ ያለው ከኋላ ነው ጌታዬ" አለው ሙክቱ። " ገንዘብዎ ይቆያል፤ ሕመም ግን አይቆይም።"

ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ ሄደ።

ከዚያ ደጁ አዳራሽ ሆነ። መነጽር ያደረገች ዶሮ መድረክ ላይ ቁጭ ብላ የመድኃኒት ዋጋ ትተምናለች። "ወረደ!" ባለች ቁጥር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም ለሕመምተኛው ይመረቅለታል። አንድ ትልቅ ነጭ ኪኒን ከወንበሩ ተነሳና አቶ ጌጤነህን አዙሮ ማጅራታቸውን ይመረምር ጀመር።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"የአገልግሎት ጊዜዎ አልፎ እንዳይሆን ብዬ ነው። ግድ የለም፣ ገና ብዙ ይቀርዎታል።"

ይኼኔ ወይዘሮ የሺመቤት ትዝ አሏቸው። ክው አሉ። እሳቸው እዚህ ሲቀልዱ እሷ ያለ ኪኒን ተኝታለች!

"ኧረ ታማሚ አለኝ!" ብለው ጮኹ። "ባለቤቴ! ግፊት አለባት፣ ሦስት ቀኗ ነው!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ፋርማሲስቶቹ ትሪያቸውን ይዘው እየተሽቀዳደሙ መጡ፤ ገፏቸው፣ እንደገና ገፏቸው፣ አሁንም...

"አባባ፣ ይንቁ እንጂ! ደርሰዋል!"

ነቁ። ያሉት የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት አግዳሚ ላይ ነው። ሲቀመጡ ከበሩ አጠገብ፣ ከወረፋው ጫፍ ነበሩ። ሰዉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ከኋላቸው የነበረች አንዲት ሴት በትከሻዋ እየገፋች፣ ሳትቀሰቅሳቸው መስኮቱ ድረስ አድርሳቸዋለች።

"ዕድለኛ ነዎት" አለች ፋርማሲስቷ፣ የወሩን ኪኒን፣ ሦስት እሽግ፣ እያቀበለቻቸው። "ዛሬ ከገባው የመጨረሻው ነው።"

አቶ ጌጤነህ እሽጎቹን ተቀብለው ፈቀቅ አሉ። ሴትየዋ ተራዋ ደርሶ ወረቀቷን አቀረበች። ያው ኪኒን ነው፣ መጠኑም ያው።

"አልቋል እናቴ። ከውጭ ይሞክሩ።"

ሴትየዋ ወረቀቷን አጠፈች። አቶ ጌጤነህ አንዱን እሽግ እጇ ላይ አኖሩላት። ሁለተኛውን ከመሐሉ ሊከፍሉት ያጥፉት ጀመር።

"አባባ! የታዘዘልዎትን መድኃኒት ለሌላ ማካፈል ክልክል ነው!" አለች ፋርማሲስቷ።

"አውቃለሁ ልጄ።"

እሽጉ ግን አልቆረጥ አላቸው። ፋርማሲስቷ አየቻቸው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተችና በመስኮቱ ቀዳዳ መቀስ አቀበለቻቸው።