በሽታ ያልሾመኝ እኔ

ሰቆጣ፣ ከጎረቤቴ ከላቀች ቤት፣ እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት የሚሠራው ልጇ መስኮቱ ሥር፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆመን ነበር። በበሽታቸው የተሾሙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ላቀችን ስኳር ከያዛት ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች የእኔን የክብር ቦታ ለእሷ ሰጧት። ልጇ ከአስመራ ያመጣው ክኒን ብልቃጥ ውስጥ ባለ ሽንት ላይ ሲጨመር ያለ እሳት ያፈላዋል። ስኳር ከሌለበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ካለበት ይቀላል። የላቀች እንደ አዲስ ሸክላ ቀላ።

«ስኳር እኮ ድሃ ቤት አይገባም» አለች።

ድሃ ያለችው ማንን ይሆን? ነጠላዬ ሥር ደብቄ ያመጣሁትን የራሴን ሽንት ለልጇ ሰጠሁት። ፈላ። ቀላ በል እያልሁ ጠበቅሁ። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

«እሰይ እትዬ፣ ጤነኛ ነዎት!»

«አይዞሽ» አለችኝ ላቀች።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።