አባባ ብረቱ ያላስረከቧት ልጅ

የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን እንደ ቀንድ አውጣ በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት አልተፈጠረም። የትም ቅጠሩት፣ ምንም ሥራ ስጡት፣ «እኛ ጋ እንዲህ አልነበረም» ይላችኋል። ባንክ የነበረ እንደሆነ ሻይ ቤት ውስጥ ሰልፍ ያስይዛል። ወታደር የነበረ እንደሆነ ሠርግ ላይ ወንበሮቹን በመስመር ይደረድራል። የእኛው ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ነበሩ።

አንቱታው ለዕድሜያቸው ነው። ክቡር አባባ ብረቱ ሰው መሰል ሮቦት ናቸው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ተገጣጥመው ሥራ ጀምረዋል። አብረን የምንሠራው ከኮከብ ኮከብ መድኃኒት በምታመላልስ አሮጌ የጠፈር መርከብ ላይ ነው፤ እኔ በሬዲዮ ክፍል፣ እሳቸው በደኅንነት ኃላፊነት። እሳቸው ግን ሥራ የቀየሩ አይመስላቸውም።

ሜካኒካችን ፂሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ግዙፍ ሰው ነው። የጠፈር ልብሱን ለብሶ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያቆሙታል።

«ሽንት ቤት ሄደሃል?»

«አባባ፣ እኔ እኮ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ!»

«ዕድሜህን አልጠየቅኩህም።»

ይሄዳል። ምን ያድርግ፣ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። አብራሪያችንም ሾርባዋን ካልጨረሰች መሪ አትነካም። እኔና ካፒቴኗ የተነታረክን ዕለት ሁለታችንንም በየጥጋችን አስቀምጠው «ማን ነው የጀመረው?» አሉን። ካፒቴኗ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

የጠፈር ወንበዴዎች የያዙን ዕለትማ አይነሳ። አለቃቸው መሣሪያውን እያወዛወዘ ሲገባ ሁላችንም እጃችንን ሰቀልን። አባባ ብረቱ ብቻ ጠጋ ብለው፣ «የኔ አንበሳ፣ እንቅልፍህን አልጠገብክም አይደል?» አሉት። ሰውዬው ሊቆጣ አፉን ከፈተና አዛጋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘጠኙም ወንበዴዎች የጭነት ክፍላችን ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል፤ ጫማቸው ጥንድ ጥንዱን ተደርድሯል። በመስኮቱ ማዶ ገና ኮከብ ያልሆነ ቀይ ጉም ቀስ እያለ ይፍለቀለቃል፤ በዚህ በኩል ዘጠኝ ነፍሰ ገዳይ ያንኮራፋል። የቱ እንደሚደንቀኝ ጠፍቶኝ መሃል ላይ ቆምኩ።

ታሪካቸውን የሰማሁት የአንገታቸውን ማጠፊያ ዘይት ስቀባላቸው ነው። የሠሩት ማዕድን በሚወጣባት አንዲት ጨረቃ ላይ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ ሕግ አንድ ነው፦ ልጅ የሚወጣው ቤተሰብ መጥቶ መዝገብ ላይ ሲፈርም ብቻ። ማዕድኑ አለቀና ሰዉ በአንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ተሳፈረ። በዚያ ግርግር የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ አክስት፣ መርከቡ እንዳያመልጣት፣ ልጅቷን አቅፋ በጓሮ በር ሮጠች። አባባ ብረቱ ይህን አይተዋል። ፊርማ ግን የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደግሞ ልጅቷ አልወጣችም። እናም ባዶዋ ጨረቃ ላይ፣ በሩ ላይ ቆመው ሠላሳ ዓመት ጠበቁ። የእኛ ካፒቴን ለጥገና አርፋ ያገኘቻቸው እዚያው ነው፤ አቧራው ትከሻቸው ላይ ተቆልሎ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት፣ ባረፍንበት ጣቢያ ሁሉ መዝገቡን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። «የአራት ዓመት ልጅ የያዘች ሴት አላያችሁም?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ የመነሻ ሰዓታችን ያልፋል። የመርከቧ ባለቤቶች በመጨረሻ መረራቸውና ትእዛዝ ላኩ፦ በሚቀጥለው ጣቢያ ቴክኒሽያን ይመጣል፣ የሮቦቱ አሮጌ ትዝታ በሙሉ ይጠፋል።

ካፒቴኗ ስታነብልን ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ልክ ናቸው፤ «እኚህን ሰውዬ አንድ በሉልኝ» እያልኩ ስነጫነጭ የኖርኩት እኔ ነኝ። አባባ ብረቱ «ሥራዬ ሳያልቅ?» አሉ።

ጣቢያው እስክንደርስ አርባ ቀን ቀርቶን ነበር። በዚያ አርባ ቀን ልጅቷን ፍለጋ በሬዲዮ ያልጠራሁት ወደብ የለም። ለማንም አልነገርኩም፤ ቢጠይቁኝም «ከጭቅጭቃቸው ለመገላገል ነው» እል ነበር። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን አንዲት በያጅ መለሰችልኝ። «ፀጉሬን የሚሠሩኝ የብረት አባባ ነበሩኝ» አለች፤ ከዚያ የምናርፍበትን ጣቢያ ስም ጠየቀችኝ።

ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችን፤ የአርባ አምስት ዓመት ሴት፣ ከሃያ ዓመት ልጇ ጋር። አባባ ብረቱ ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ያለውን ጠባሳ አዩ።

«ከዥዋዥዌ ወድቀሽ ነው። አድገሻል» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

«ይቅርታ አባባ።»

«ማን ይረከብሻል?»

«አክስቴ ሞታለች። እኔው ልፈርም።»

«ልጅ ራሷን አትረከብም።»

ሴትዮዋ ዞራ ልጇን አየቻት። ልጇ ብዕሩን ተቀበለችና ፈረመች።

«ዝምድና?»

«ልጇ ነኝ።»

አባባ ብረቱ አሰቡ፤ ሕጉ ውስጥ የሚከለክል ነገር አላገኙም። «ዛሬ ጥሩ ውላለች» አሏት። «ትንሽ አልቅሳለች፣ ምሳዋንም ግማሹን ነው የበላችው።»

«እሺ አባባ» አለች ወጣቷ። «ቤት ስንደርስ አበላታለሁ።» እናቷ በብየዳ በተጠባበሰ እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ አባባ ብረቱ ወደ ካፒቴኗ ዞሩ። «ሥራዬ አልቋል፤ አሁን ማጥፋት ይቻላል» አሉ። ቴክኒሽያኑ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ቀረበ። ለመነሳት ሁለት ሰዓት ቀርቶናል፤ ካፒቴኗ የባለቤቶቹን ትእዛዝ ይዛ ጫማዋን ታያለች። ክንዱን ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ ምሳ በልተሃል?»

«ኧረ ቁርስም አልበላሁ። ግን ሥራው…»

«ይደርሳል። የጣቢያው ምግብ ቤት እዚሁ ነው፣ ና።»

መቼም እንደዚያ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ተመስገን። ሦስተኛውን ሳህን ሲጨርስ አራተኛ አዘዝኩለት። በዚያ መሃል የመርከባችን የመነሻ ደወል ጮኸ። ቴክኒሽያኑ አገጩ ድረስ ስጎ እንደተቀባ ደንግጦ ቀና አለ።

«አፍህን ጥረግ» አልኩትና ሮጥኩ።