አማቴ ገናን ያለ ብድር ያዋሉን ጊዜ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ ምንም ነገር እንዲሞት የማይፈቅድ። ያለቀ ሳሙና፣ ክዳኑ የጠፋ ብልቃጥ፣ ጓደኛው የጠፋበት ካልሲ፣ ሁሉም እሱ እጅ ሲገባ ነፍስ ይዘራል። "እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም" የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ያ ሰው ራሳችሁ ናችሁ፣ ወይ ደግሞ ያለፈውን የገና ዕዳ እስከ ዛሬ እየከፈላችሁ ነው።

የኛ ቤቱ ሰው አማቴ ናቸው። ክብርት አማቴ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በኃላፊነት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። በእነዚያ ዓመታት አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ ዕቃ የወሰደ ፍጡር የለም ይባላል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው አንድ ቀን እስክሪብቶ ፈልገው ቢሄዱ "እስቲ አሮጌውን ያሳዩኝ" ተብለው፣ ቀለሙ ገና ሩብ ያህል እንደቀረው በመስኮት ብርሃን ታይቶ፣ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል አሉ።

እኔ ደግሞ ተቃራኒያቸው ነኝ። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት ስለቅም እውልና የራሴን ሳላይ ቤቴ እገባለሁ። አምና ገና ሲደርስ እንደ ሰው ልሁን ብዬ ተበደርኩ። ለባለቤቴ ካፖርት፣ ለሰባት ዓመቷ ልጃችን የምታወራ አሻንጉሊት፣ ለሳሎኑ ሶፋ፣ ለእንግዳው ደግሞ የሦስት ቀን ድግስ። ለሦስት ቀን ንጉሥ ሆኜ ለዘጠኝ ወር ገባር ሆንኩ። አሻንጉሊቷ በሳምንቷ ማውራት አቆመች። የዕዳዋ አፍ ግን አልተዘጋም።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ መስኮቱ ሥር የነበረው የባለቤቴ የልብስ ስፌት ማሽን የለም።

"ሸጥኩት" አለችኝ፣ ሽንኩርት እየከተፈች። ቀና ብላ አላየችኝም። "የዚህን ወር ከፈልኩበት።"

እናቷ ሲድሯት የሰጧት ማሽን ነበር። እኔም ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁና ወደ ሶፋዬ ሄድኩ። ሶፋው እንደዚያ ቀን ቆርቁሮኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት አማቴ "ለሁለት ሳምንት ልጠይቃችሁ" ብለው መጡ። ሁለት ሻንጣ ይዘዋል። አንደኛው ልብስ ነው። ሁለተኛው በሥርዓት የታጠፈ ፌስታል፣ ቁልፍ፣ ክር፣ ላስቲክና ባዶ ብልቃጥ። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው መስኮቱ ሥር አረፈ።

"ማሽኑስ?"

"ጥገና ሰጥቼው ነው እማዬ" አለች ባለቤቴ።

"እህ" አሉ። ሁለቱ ሳምንት ግን በዚያች "እህ" ውስጥ ገብቶ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በነጋታው ቁርስ ላይ ዐዋጅ ወጣ። "ዘንድሮ ገናን የምንውለው በራሳችን ገንዘብ ነው።"

"እማማ፣ ገና እኮ ገና ነው!" አልኩ፣ ሳቅ ብዬ።

"ገና፣ ገና ነው ሲሉት ነው ከተፍ ብሎ ጉድ የሚያደርገው። የቤት ኪራይ በየወሩ አይደል የምትከፍለው?"

"አዎ።"

"ገናንም በየወሩ ክፈለው። ያን ጊዜ በር ሲያንኳኳ አልጋ ሥር አትደበቅም።"

ባንክ ተሄዶ ሂሳብ ተከፈተ፤ በእሳቸውና በባለቤቴ ስም። "የኔስ ፊርማ?" ብዬ ብጠይቅ፣ "ያንተ ፊርማ እግር አላት ልጄ፣ ትሮጣለች" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደመወዜ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ገና ሆነ። ዕዳው ሁለተኛ፣ ሆዳችን ሦስተኛ። እኔ ስንተኛ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ቤቱ ግምጃ ቤት ሆነ። ሳሙና አለቀብኝ ብዬ ብሄድ፣ "አሮጌውን አሳየኝ" ይሉኛል። የጥፍር ቁራጭ የምታህለዋን ይዤ እመጣለሁ። እሷን አርጥበው አዲሱ ጀርባ ላይ ይለጥፏታል። "አሁን ተጋብተው ይኑሩ።" የጥርስ ሳሙናው ቱቦ በመቀስ ተሰንጥቆ እንደ ዓሣ ይገለበጣል፤ አለቀ ከተባለ በኋላ አራት ሰው አምስት ቀን ይቦርሽበታል። የልጄ ቁምጣ የአምና ሱሪዋ ነው፤ የትራስ ልብሳችን የእኔ የቀድሞ ሸሚዝ። አንድ ሌሊት ጉንጬ ላይ የራሴ የደረት ኪስ ታትሞ አድሯል።

የመብራቱ ነገርማ አይወራ። አንድ ምሽት መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ድርግም አለ።

"እማማ! ሰው አለ እኮ!"

"መኖርህን አውቃለሁ" አሉ ከኮሪደሩ። "መቀመጫውን አግኝተኸው የለም? ከዚህ ወዲያ መብራቱ ምን ያደርግልሃል?"

ገበያ የሚወጡት ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ቲማቲም ሻጯ ከሩቅ ስታያቸው ሸራዋን መጎተት ትጀምራለች። እሳቸው ደርሰው፣ ሸራውን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው፣ እንደ ታማሚ ጠያቂ ወደ ውስጥ ያያሉ።

"እንዴት ዋሉ?"

"እኔ ደህና ነኝ እማማ።"

"አንቺን አይደለም፣ ቲማቲሞቹን ነው። ይቺ እኮ ነገን አታይም። ይቺም ያማታል። ለነዚህ የጤነኛ ዋጋ ትጠሪያለሽ?"

ሴትዮዋ አንድ ቀን እኔን ለብቻዬ አግኝታ፣ "ጋሼ፣ እባክህ እሳቸው ሲታመሙ እንኳ ንገረኝና አንድ ሳምንት እፎይ ልበል" ብላኛለች።

ንፉግ ናቸው ብዬ አምን ነበር። በዝናቡ ወራት አንድ ማለዳ ግን ልጄ በትኩሳት ነደደች። እኔ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ሳሰላ፣ አማቴ በነጠላ ጫማ መንገዱ መሃል ወጥተው ታክሲ አስቁመዋል። ልጅቷን አቅፈው ገቡ። "ንዳ!" አሉት። ዋጋ ሳይጠይቁ! በር ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ለአንድ አፍታ ከልጄ ትኩሳት ይልቅ የአማቴ ጤና አሰጋኝ። ልጅቷ በሦስት ቀን ዳነች። ሹፌሩ የጠየቀውንም ሳይከራከሩ ነው የከፈሉት። ሳንቲም የሚያጠራቅሙት እንዲህ ላለው ቀን መሆኑ ያኔ ትንሽ ገባኝ። ትንሽ ብቻ፤ እኔ ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለሁም።

እንደማይገባኝ ያስመሰከርኩት ገና ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ከመሥሪያ ቤቴ ፊት ለፊት ባለ ሱቅ መስታወት ውስጥ ቀይ ብስክሌት ቆሟል። ልጄ ስለ ብስክሌት ማውራት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። እኔ ያንን መስታወት እያየሁ በቀን ሁለቴ አልፋለሁ።

"ለአንድ ልጅህ? ፈርመህ ውሰደው እንጂ!" አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው አራሚ። የሰውን ልጅ ዕዳ ውስጥ የሚከተው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ደግ ጓደኛ ነው።

ትንሽ ቀብድ ከፍዬ ፈረምኩ። በአሥራ ስምንት ወር የሚከፈል። ብስክሌቱን ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ በጓሮ በር አስገብቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት፤ ብርድ ልብስም አለበስኩት። በእራት ሰዓት አማቴ ሾርባዬን ጨመሩልኝ። እሳቸው ሾርባ ሲጨምሩ መፍራት ነበረብኝ።

ጠዋት ስነሳ የድሮውን የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አጉሊ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ካርቶኑ ላይ ተቀምጠዋል።

"ያዝ በዚያ በኩል" አሉኝ።

"እማማ፣ ለልጅቷ እኮ ነው..."

"ያዝ አልኩህ።"

አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እኛ፣ ካርቶኑ፣ የእኔም ኀፍረት። ሱቁ ደርሰን አማቴ በትሕትና፣ "የፈረመውን ወረቀት እስቲ ላንብበው" አሉ። ባለሱቁ ፈገግ ብሎ ሰጣቸው። ያ ፈገግታ የመጨረሻው ነበር።

ገንዘብ መክፈያው ፊት ቆመው፣ አጉሊ መነጽራቸውን አስጠግተው፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ደቃቁን ጽሑፍ ሲደርሱ ደግሞ የበለጠ ጮኹ። ከኋላቸው ሰልፍ ተሰለፈ። ሰልፈኛው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ጆሮውን ሰጠ፣ በመጨረሻም የያዘውን ዕቃ ቀስ እያለ ወደ መደርደሪያው መመለስ ጀመረ። አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር፣ "እትዬ፣ እስቲ 'ቢዘገይ' የሚለውን ይድገሙልኝ" አለቻቸው። ደገሙላት። ጥላ ወጣች።

"ቆይ፣ እዚህ ጋ አልገባኝም" አሉ አማቴ ከአንድ ሰዓት በኋላ። "ሁሉም ሲደመር የሁለት ብስክሌት ዋጋ ነው። ልጄ የወሰደው አንድ ነው። ሁለተኛው የት አለ?"

"እናቴ፣ ወለዱ ተጨምሮ ነው እንጂ..."

"ወለዱን የወለደው ይዞት ይሂድ። እኔ ሁለተኛውን ብስክሌት ነው የጠየቅሁህ።"

ባለሱቁ ሰዉን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየኝ። ቀብዱን ቆጥሮ ሰጠኝና ወረቀቱን ፊታችን ቀደደው። "ይሂዱልኝ ብቻ፣ በፈጠረዎት!"

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የድል ወሬ ጠብቄ ነበር። አማቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ "የልጄን ማሽን የበላው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው አይደል?" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"መጀመሪያውኑ ገብቶኝ ነበር። አንተን ላለማሳፈር ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። እሷ ልትሸፍንህ ስትዋሸኝ አየኋት፤ ሰው እንዲህ የሚሸፍነው የሚወደውን ነው። ይገባዋል ወይ አልኩ። ልየው እስቲ አልኩ።"

"አዩኝ?"

"ገና ነው" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉልኝ።

ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆንኩ እንጃ። በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤት ስወጣ የየክፍሉን መብራት እያጠፋሁ ነው የምሄደው። ሥራ አስኪያጃችንን ከነስብሰባቸው ጨለማ ውስጥ ትቻቸው ሄጄ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። ወረቀቱን ስቀበል መጀመሪያ ያየሁት ጀርባው ባዶ መሆኑን ነው።

የገና ሰሞን አማቴ ባንክ ገብተው ወጡና እኔን አስከትለው ወደዚያው ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ።

"እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ያንን ቀዩን ብስክሌት። በጥሬ ገንዘብ።"

እሳቸው ሳይጠይቁት ዋጋውን ቀነሰ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ደግሞ ቀነሰ። "ደወሉን በነጻ እጨምርልዎታለሁ፤ ብቻ እባክዎ እዚህ ቤት ምንም ነገር አያንብቡ!"

ገናን እንዲህ ዋልን። ዶሮ ተጠበሰ፣ ኬክ ተጋገረ፤ ሦስት ቀን ሳይሆን አንድ ቀን፣ ግን ሁላችንም እየሳቅን። ልጄ ብስክሌቷን በኮሪደሩ ስትነዳ የማሰሮ መደርደሪያውን አፈረሰችው። ማንም አልተቆጣትም። ባለቤቴ ማታ ሳህን እያጠበች ማንጎራጎር ጀመረች። ማንጎራጎሯን ማቆሟን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር፤ የሰማኋት ጊዜ ነው ያወቅሁት። የሚቀጥለው ወር ደመወዜ ማንም ሳይቆርሰው ሙሉውን ቤት ገባ። ከዚያው ላይ ቀንሼ ለአዲስ ማሽን ማስቀመጥ ጀመርኩ። ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ያጠራቀምኩት ግን መርፌውን ሳይገዛ አልቀረም።

ከዚያም አማቴ ሻንጣቸውን ማሰር ጀመሩ።

"ሥራዬን ጨርሻለሁ" አሉ። "ከእንግዲህ እናንተው ታውቃላችሁ።"

እውነቱን ልናገር። እኚህ ሴት እንዲሄዱልኝ አሥር ወር ሙሉ ጸልያለሁ። መብራት ባጠፉብኝ ቁጥር፣ ሳሙናዬን ባጋቡብኝ ቁጥር ጸልያለሁ። አሁን ጸሎቴ ተሰምቶ ሻንጣው በሩ አጠገብ ሲቆም፣ በሩን በጀርባዬ ተደግፌ ቆምኩ። ባለቤቴ እንባዋን ይዛለች፤ ልጄ አያቷ ጉልበት ላይ ተጠምጥማለች። አማች ደግሞ ለአማቱ "አይሂዱብኝ" ማለት አይሆንለትም፤ አፉ አይታዘዝለትም። እኔም ያገኘሁትን አልኩ።

"እማማ... መኪና ልገዛ አስቤያለሁ።"

የሻንጣውን እጀታ እንደያዙ ቆሙ። "በምን?"

"በብድር።"

ባለቤቴ ሳል ያዛት። አማቴ ቀስ ብለው ዞሩና ፊቴን አዩኝ፤ በዚያ የዳይሬክተሩን እስክሪብቶ ባዩበት ዓይን።

"አንተ እኮ መንዳት አትችልም።"

"ለመማሪያውም እበደራለሁ።"

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሊወጣ ታገለና ያዙት።

"በስንት ዓመት የሚከፈል ነው?"

"በሰባት" አልኩ፣ አፌ ላይ እንደመጣልኝ።

"እንግዲያው ሰባት ዓመት መቆየቴ ነው" አሉና ካፖርታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ሻንጣውን ተሸክሜ ወደ ክፍላቸው ስመልስ ራሴን እየረገምኩ ነበር። ሃያ ማለት ሲገባኝ!