የደረጃው ሊቀ ድምፅ

ዕድር የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ ፊደል የሚፈትን ሰው የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። አንዳንዱ ሰፈር ሱቅ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ታክሲ ተራ። መሪ ሰፈር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች የአንደኛው ብሎክ ነዋሪዎች ግን ዕድላቸው ሆኖ ደረጃቸው ላይ አገኙት። ጋሼ ወልደሰንበት ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው ናቸው እንጂ ሌባ ጣታቸው አይደለችም። እሷ አሁንም ጽሑፍ ባየች ቁጥር ትዘረጋለች።

ልጅ ሲያገኙ እንደ ሌላው ሰው «ስምሽ ማነው? ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አይሉም። አጠገባቸው ካለው ጽሑፍ አንዷን ፊደል ይመርጡና ግራ ቀኟን በመዳፋቸው ይሸፍኑባታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሰው ምስጢር እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ብቻዋን ስትሆን ምን ትላለች?» ይላሉ።

አንድ ቀን ከኮተቤ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ የማያውቋትን ሕፃን በሩ ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ እንዲሁ ጠየቋት። እናቷ ቀድማ ብትመልስ «እርስዎ በጊዜዎ ተፈትነዋል» አሏት። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ሊረዳ ብሎ ቃሉን በሙሉ አነበበው። ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩና ቃሉን ማን እንደጠየቀው በትሕትና ጠየቁት። ሰውየው መውረጃው ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ ይባላል።

እንግዲህ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ሥርጉት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ደረጃ ይጋራሉ። እትዬ ሥርጉት ዓይነ አፋር ናቸው፤ ሱቅ ገብተው ባለሱቁ ስልክ እያወራ ከሆነ እንዳልረብሸው ብለው የሚመለሱ ዓይነት። የሚያሳድጓት የልጃቸው ልጅ ባርኮት ግን የሴት አያቷን አልወጣችም። ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ የመጣችው አንድ ረጅም ዜማ ነው፤ ፊደልን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳትተነፍስ ትወርደዋለች። ዓይኗን ጨፍናም ትወርደዋለች፣ መጽሐፉን ዘቅዝቃም ትወርደዋለች፣ መጽሐፉ ሌላ ክፍል ሆኖም ትወርደዋለች። እትዬ ሥርጉት ይኮሩባት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ከሻይ ቀጥሎ የምትቀርበው እሷ ነበረች።

ጋሼ ወልደሰንበት ደረጃው ላይ አግኝተዋት መጽሐፏ ውስጥ ካሉት ፊደሎች «መ» ላይ አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ። ባርኮት «መ»ን ለማግኘት ከ«ሀ» ተነሥታ መገስገስ ጀመረች።

«ወይዘሮ ሥርጉት፣» አሉ ጋሼ በሐዘን፣ «ይቺ ልጅ እንደ ታክሲ ናት። ከመነሻው ካልተሳፈሩ አትጭንም።»

እትዬ ሥርጉት ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን ለጥፈው ጋሼ ደረጃው ላይ አለመኖራቸውን ያረጋግጡ ነበር። ባርኮት ደግሞ እሳቸው መኖራቸውን ስታረጋግጥ ጫማዋን ሳታስር ትወጣለች።

የሊቀ ድምፅ ወልደሰንበት ትምህርት እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ፊደል በዚህ ምድር ላይ የሚጠራት ነገር አላት። «ጠ» የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ናት። «ረ» ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት መኪና ናት። «ዠ» ሾላ ገበያ ያለ ወፍጮ ናት። ልጅ ፊደሏን አይቶ ድምፁን ያሰማል፤ ድምፁን ሰምቶ ፊደሏን ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ደረጃው ከሰዓት በኋላ ሲያቃስት፣ ሲፈጭና ሲያንጠባጥብ ይውላል።

አንድ ቅዳሜ ተራው የ«ሸ» ሆነ፤ «ሸ» ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሲመጣ የሚያሰማው ድምፅ ናት። በዚያ ብሎክ ውሃ በተራ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ተኝቶም አንድ ጆሮው ቧንቧው ላይ ነው። ልጆቹ በአንድ አፍ «ሽሽሽሽ» ሲሉ ከምድር ቤት እስከ ላይ ፎቅ በር ተበረገደ፣ ጀሪካን ተንኳኳ፣ ባልዲ ተንከባለለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብቶም ፀጉራቸው ላይ የሳሙና አረፋ እንደ ነጭ ቆብ ደፍተው ወጡ። ጋሼ ወልደሰንበት አረፋውንም ባልዲውንም አዩና ወደ ልጆቹ ዞረው፣ «አያችሁ? በትክክል ስላላችኋት ነው ሰው ያመነው» አሏቸው።

ይህስ ይታለፍ ነበር። ጋሼ ግን ልጆቹ እየወጡ እየወረዱ እንዲያነቡ ብለው በየበሩ ላይ በጠመኔ አንድ አንድ ፊደል ጻፉ፤ ምድር ቤት «ሀ» ብለው ጀምረው ላይ ፎቅ «ፐ» ላይ ጨረሱ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ላይ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ሒሩት የምድር ቤቱ በር «ሀ» ማግኘቱን ሰሙ፤ እሳቸው በዚህ ብሎክ ማንን በድለው ከሁሉ መጨረሻ እንደሆኑ ጠየቁ። ጋሼም ሊያጽናኗቸው ፈልገው የ«ፐ» ቤተሰብ ባይኖር ፓስታም ፖስታም እንደማይኖር አስረዱ። «እንግዲያው ፓስታውን ለምድር ቤቱ ይስጡትና ‹ሀ›ን ያምጡልኝ» አሉ ወይዘሮ ሒሩት። አቶ ሀብቶምም ሰብሳቢ ሆነው ሳለ «ዐ» የደረሳቸው፣ ስለዚህም በሆዳቸው ሲብሰለሰሉ የሰነበቱ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ተጠራ።

የእትዬ ሥርጉት ሐሳብ ግን በሌላ ነገር ተይዟል። ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት ባርኮትን ይዘው ሾላ ሄደው ነበር። ልጅቷ አንድ ጆንያ ፊት ቆም አለችና ጆንያው ላይ የተሰካውን ካርቶን ትክ ብላ አየችው። ዜማ የለም፣ ከ«ሀ» መነሣት የለም። «ሽ…» አለች። «ሮ» አለች። ከዚያ ሁለቱን አጋጠመቻቸውና በድንጋጤ አያቷን አየቻቸው። እትዬ ሥርጉት በደስታ ቤታቸው የተመለሱት ሊገዙት የሄዱትን ሽሮ ሳይገዙ ነው። አሁን መስከረም ሲጠባ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ደክሟት ትገባለች፤ የእትዬ ሥርጉት ትምህርት ለራሳቸው እንጂ ለሰው የሚተርፍ አይደለም። ደረጃው ከተከለከለ የባርኮት ንባብ ሽሮ ላይ ይቀራል።

በስብሰባው ላይ ይህን ሊናገሩ እጃቸውን አወጡ። እጁ ግን የነጠላው ጫፍ ድረስ ብቻ ስለወጣ አቶ ሀብቶም ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ መስሏቸው አለፏቸው። ትምህርቱ እንዲቆም በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ጋሼ ወልደሰንበት አስተያየት እንዳላቸው ተጠየቁ። የበሮቹን ፊደል ራሳቸው ከልጆቹ ጋር ቢያጠፉት ደስ እንደሚላቸው፣ ፊደል ሲጠፋም እንደሚነበብ ብቻ ተናገሩ።

በማግሥቱ ጧት እትዬ ሥርጉት ባርኮትን ይዘው ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ የምድር ቤቱ ግድግዳ በልጆች ተከቧል። በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ባርኮት ተጋፍታ ፊት ደረሰች።

«በ… ደ… ረ… ጃ… በደረጃ!»

የቀሩት ተቀበሏት። «ላ… ይ። ማ… ስ… ተ… ማ… ር።» ከዚያ በኋላ ያለውን «ክልክል ነው» ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹበት፤ የአዲስ አበባ አጥር ይህን ቃል ያላስተማረው ልጅ የለምና።

እትዬ ሥርጉት ቀና ሲሉ ጋሼ ወልደሰንበት ከልጆቹ ኋላ ቆመዋል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እትዬ ሥርጉት በሰውየው ምትክ አፍረው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ጋሼ ግን በልጆቹ መሐል አልፈው መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«‹ክልክል›ን አላያችኋትም» አሉ ቅር ብሏቸው። «በልማድ ነው ያላችኋት። እንደገና፣ ፊደሏን እያያችሁ።»

ይህን ጊዜ አቶ ሀብቶም ለሥራ ለብሰው፣ የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው ወረዱ። በገዛ ክልከላቸው ፊት ለፊት ትምህርት ሲሰጥ አይተው አፋቸውን ከፈቱ። ግን የሚያነብበው ተራ የደረሰው የራሳቸው ልጅ ነበር። ልጁ ወረቀቱ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው፤ «ክ… ል… ክ… ል» ብሎ ጨረሰና ዞሮ አባቱን አየ፤ ያነበበው አባቱ የጻፉትን መሆኑን አላወቀም። አቶ ሀብቶም የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙ።

በዚያ ብሎክ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቀው ሴት ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ከጋሼ ወልደሰንበት ጎን ሄደው ቆሙ።

«አቶ ሀብቶም፣» አሉ እትዬ ሥርጉት፣ «ልጆቹ ይሄንን ጨርሰውታል፤ ሌላ ይለጥፉልን።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩ፦ «ረዘም ያለ ቢሆን ደስ ይለናል።»