የተከሰሱት ዓሣዎች

ሰው የማያውቀውን በሽታ ማከም ሲወድ አይተህ ታውቃለህ? እስቲ ራሴን አመመኝ በል፤ መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ይሆንልሃል። የታመመው ቅጠል ከሆነማ ባሰ።

ክልላችን ገና የተመሠረተ ሰሞን ነው። አሶሳ ያለው ቢሯችን ወንበሩ ሳይሟላ ማኅተሙ የደረሰለት መሥሪያ ቤት ነበር። እኔ ከነቀምቴ የመጣሁ የሰብል ባለሙያ ነኝ፤ ዲፕሎማዬን ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳውን ለእኛ ተወልን። ውስጡ አውራ ጣት የማያህሉ ስምንት ዓሣዎችና አንድ ቅጠለ ወፍራም የውኃ ተክል አሉበት። ተክሉ ዝግተኛ ነው። በወር አንድ ቅጠል ካወጣ ተመስገን ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ ቀጥሎ ተበሱ። የቢሮ ኃላፊያችን ደግሞ ያንን ተክል ይወዱታል፤ ስብሰባ ሲሰለቻቸው ወጣ ብለው የሚያዩት እሱን ነው። ዓሣዎቹ እየበሉት ነው ብለው ፈረዱ። እስከ ዓርብ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ይውጡልኝ አሉ። ወዴት ይውጡ? ሾፌራችን መጥበሻ አለኝ አለ። ስምንቱም ተጠብሰው አንድ ጉርሻ አይሞሉም፤ እሱ ግን ቆርጧል።

አሳዘኑኝና ጠበቃ ሆንኩላቸው። የምሳ ሰዓቴን ገንዳው ፊት ተቀምጬ ጨረስኩ። ዓሣዎቹ ቅጠሉን ይልሱታል እንጂ አይነክሱትም። የተነከሰ ቅጠል ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ የእኛው ቀዳዳ ግን ዙሪያው ቡናማ ነው፣ ይልፈሰፈሳል። መልካም፣ ዓሣ ካልበላው ምን በላው? ታይፒስቷ ፀሐይ በዛበት ብላ መጋረጃውን ትዘጋለች፤ ዘበኛው ፀሐይ አነሰው ብሎ ይከፍታል። እኔ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብዬ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ።

ሐሙስ ዕለት እማማ ሃዋ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወደ ገንዳው ቀረቡ። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ የበርታ ሴት፣ ጓሯቸው ዝንጅብልና ማንጎ የሞላበት። እጃቸውን ነክረው አንዱን ቅጠል ቀስ አድርገው ሳቡት። ሳይታገል መጣ። ሥሩ በስብሷል፤ ይሸታል።

«ቅጠል አይደለም የታመመው» አሉኝ። «ይሄ እንደ ዝንጅብል ነው። ዝንጅብል ጭቃ ውስጥ አጥልቀህ ቀበርክ፣ በሰበሰ። ማን ቀበረው?»

ገንዳው ሲመጣ ተክሉ ድንጋይ ላይ በክር ታስሮ ነበር። ደግሞ ተክል ድንጋይ ላይ ይበቅላል እንዴ ብዬ ክሩን የበጠስኩት፣ ግንዱን አሸዋ ውስጥ አጥልቄ የቀበርኩት እኔው ነኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ቢሉህ እመን።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

አልሳቁብኝም። ምላጭ አምጣ አሉኝ። ተክሉን አወጣነው፤ የበሰበሰውን ቆርጠን ጣልን፤ ጠንካራውን አስቀርተን መልሰን ድንጋዩ ላይ አሰርነው።

ዓርብ ጠዋት ለኃላፊው ሁሉንም ተናዘዝኩ። ትክ ብለው አዩኝና፣ «ዓሣዎቹ ነፃ ናቸው» አሉ። «አንተ ግን ቅጠል እስኪወጣ በምርመራ ላይ ነህ።»

እንግዲህ ዝግተኛ ተክል መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ። በየጠዋቱ ቢሮ ስገባ ሰላም የምለው መጀመሪያ እሱን ነው። ከወር በላይ አለፈ። አንድ ማክሰኞ ግን እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለበት ቅጠል ብቅ ብሎ አገኘሁት። ታይፒስቷ እልል አለች። ኃላፊው ስብሰባ አቋርጠው ወጡ። እማማ ሃዋን እጃቸውን ይዘው ስብሰባው ክፍል አስገቡና ከጎናቸው አስቀመጧቸው፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እማማ እዚያ ክፍል የሚገቡት ወንበር ሊወለውሉ ነበር፤ ያን ቀን ተቀመጡበት። ሾፌሩ እንኳ ከዳቦው ፈርፍሮ ለዓሣዎቹ ጣለላቸው።

ከዚያ ወዲያ የአሶሳ የታመመ አበባ ሁሉ እማማ ሃዋ ዘንድ ይመጣ ጀመር። እኔም በጣሳ የተከልኩት ጽጌረዳ ጠውልጎብኝ ወረፋ ያዝኩ። ሌላውን ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ፀሐዩ ይጠይቁታል። የእኔ ተራ ሲደርስ አበባውን ዞር ብለው አላዩትም።

«አንተ ነህ የተከልከው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«በቃ፣ ታወቀ» አሉና ቀጣዩን ጠሩ።