እትዬ እንዴት-አወቅክ እና ሰባቱ ቀይ ገጾቼ

ክፍል በተባለ ቦታ ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። መምህሩ «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ...» ብሎ መጽሐፉን ሲከድን፣ ሌላው ቦርሳውን አንግቶ አንድ እግሩን ወደ በሩ ሲልክ፣ በእርጋታ እጁን የሚያወጣ ሰው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። መቼ እንደሚጠየቅ ግን ተረቱ ትንፍሽ አላለም።

የእኛ ክፍል ባለ እጅ ክብርት እትዬ እንዴት-አወቅክ ነበሩ። ስሙን ያወጣው ክፍሉ ነው፤ ክብርትነቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ በልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ ሲገለብጡ ውለው ከሥራ በኋላ እኛን ሊገለብጡ የሚመጡ ሴት ናቸው። እኛ ቢዝነስ ማስተርስ የገባነው ለዲግሪው ነው። እሳቸው የገቡት ለማወቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የተቀመጠ ያውቀዋል።

የምርምር ዘዴና የሳይንስ ፍልስፍና በጀመርንበት ቀን መምህራችን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ትዕግሥተኛ ሰው፣ «አንድን ነገር መቶ ጊዜ ስላየነው ሁልጊዜም እንዲያ ነው ማለት እንችላለን?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ የተቀመጠው የባንክ ሠራተኛ «መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ። እትዬ ግን ተነሡ።

«አንችልም! እኔ መቶ ደህና ሸሚዝ አይቼ መቶ አንደኛው ኪሱ በውስጥ በኩል ተሰፍቶ አግኝቻለሁ።»

መምህሩ ፊታቸው በራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሲጨዋወቱ እኛ ሠላሳችን ሰዓት ስናይ ከረምን።

የባንኩ ልጅ አንድ ቀን ጥናቱን ሲያቀርብ «ደንበኞቻችን በአገልግሎታችን ረክተዋል» አለ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ቅሬታ ያቀረበ የለማ፣ እትዬ።»

«ማንን ጠየቅክ? ተሰልፎ የቆመውን ነው ወይስ መሮት የሄደውን?»

ልጁ ውኃ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ። እኔ ራሴ በረንዳ ላይ ቆመን ሰማዩን አይቼ «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ብል «እንዴት አወቅክ?» ብለውኛል፤ ያውም ጃንጥላቸውን እየዘረጉ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። እኔ የአንድ ብስኩት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ «አሻጊ ሠራተኞች ለምን ቶሎ ቶሎ ሥራ ይለቃሉ?» የሚል ነበር። መልሱን ስለማውቀው የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድሜ ጻፍኩት፤ የዛሬ ልጆች ድካም አይወዱም አልኩ። ከፈረሱ ጋሪው ቀደመ ማለት እኔ ነኝ። ከዚያ ለወጉ ያህል የድምፅ መቅጃዬን ይዤ ወደ ማሸጊያው ክፍል ወረድኩ። የማስረከቢያውን ቀን ሁለት ጊዜ አስራዝሜ ስለነበር፣ ሦስተኛው ካለፈኝ ከትምህርቱ መሰናበቴ ነው።

መምህሩ ቃለ መጠይቃችንን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ስንገለብጥ የጠያቂውን ቃል በቀይ፣ የተጠያቂውን በሰማያዊ እንድንጽፍ አዘዙ። ከዚያም ጥንድ ጥንድ አድርገው አንዳችን የሌላውን እንድናነብ አደረጉ። የእኔ ጥንድ ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

እትዬ ሰባቱን ገጾቼን ገለጡ። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዱን ቦታ ጮክ ብለው አነበቡት፦

«እኔ፦ የምትለቂው ሥራው ስለከበደሽ ነው አይደል?
አሻጊዋ፦ ኧረ ሥራውስ...
እኔ፦ ገባኝ። ድካም ነው።
አሻጊዋ፦ ልጄን እኮ...
እኔ፦ አዎ፣ አዎ፣ የቤተሰብ ጣጣም አለ። ሌላስ?»

ጣታቸውን ሰማያዊዋ ቃል ላይ አሳረፉ። እንዴት አወቅክ እንዲሉኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለእሱ መልስ አላጣም። እሳቸው ግን «ልጇን ምን?» አሉ።

«እ?»

«ልጇን ምን ልትል ነበር፣ ወንድሜ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አላውቅም» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ ወደ ማሸጊያው ክፍል ተመለስኩ። አሻጊዋ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገብታ የመጨረሻ ሳምንቷ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ፣ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ዘጋሁ።

«ልጄን የሚይዝልኝ ሕፃናት ማቆያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለች። «እኛ የምንወጣው አሥራ አንድ ተኩል። የማቆያው ጥበቃ በር ላይ ይዞት ይቆየኛል። እስከ መቼ ሰው ላስቸግር?»

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሌሎቹንም እንደገና ጠየቅኳቸው፤ ካነጋገርኳቸው አሥራ ሁለት አሻጊዎች ዘጠኙ ያንኑ ነገሩኝ። ያንን ያማረ መደምደሚያዬን ቀድጄ ጥዬ ሌላ ጻፍኩ፤ ቀኑም ሳያልፍብኝ አስረከብኩ። ሥራ አስኪያጁ አንብበውት የመውጫውን ሰዓት በአንድ ሰዓት አስቀደሙት። አሻጊዋ ደብዳቤዋን መልሳ ወሰደች።

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ አንድ ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ባለቤት ናቸው።

«ወንድሜ፣ እባክህ ናልን። ሰኞ የማስረከቢያዋ የመጨረሻው ቀን ነው፤ እሷ ግን ዛሬም አንድ ባለ ሱቅ ልጠይቅ ብላ ወጥታለች!»

የእትዬ ጥናት ገበያ የራቃቸው ትንንሽ ሱቆች ለምን እንደማይዘጉ ነበር። ቤታቸው ስደርስ የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፍኗል። አርባ አንድ ባለ ሱቅ አነጋግረዋል፤ ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ርእሱ ብቻ ተጽፎ ባዶውን ተቀምጧል።

«አርባ ሁለተኛው ሌላ ነገር ቢለኝስ?» አሉ እትዬ ከውጭ ገብተው፣ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ። ድምፃቸው ቀጠነ። «እንዴት አወቅሽ ቢሉኝስ?»

ሁላችንን ሲያስጨንቅ የኖረው ጥያቄ ቤታቸው ውስጥ እሳቸውንም ሲያስጨንቃቸው እንደሚያድር ያን ጊዜ ገባኝ። አንጀቴን በሉት። ለሰፈሩ ሁሉ የሚተርፍ መደምደሚያ ያለኝ ሰው ነኝ፤ አንዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«እትዬ፣ ሰዎቹ ምን አሉዎት?» አልኩና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ሳብኩት።

ወረቀቱን አገላበጡ፣ ተነሥተው መስኮት ከፈቱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ በበሩ ብቅ ብለው አይተውን ተመለሱ። አፌን ዘግቼ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጤን ሚስቴ እስከ ዛሬ አታምንም። ለእሳቸው ያለብኝን ምስጋና ግን ከዚያ በተሻለ የምገልጽበት መንገድ አልነበረኝም፤ እኔን ሰው ያደረገኝ የእሳቸው ማዳመጥ ነውና።

በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ባለ ሱቆቹ ሱቃቸውን የማይዘጉት፣ በሩ ሲከፈት የሚያልፈው ሰው በስማቸው ጠርቶ ሰላም ስለሚላቸው ነው። እንዲህ ብለውኛል። አምኛቸዋለሁ።»

አንዲት ቃል ሳልጨምር ጻፍኩላቸው።